የሁለት ሰው ትንፋሽ

ሰው ቤት ስሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ኦምዱርማን ጠርጌያለሁ፤ አርካዊት ሰፈር አጥቤያለሁ፤ የማዳሞችን ልጆች ከጡት አንስቼ ትምህርት ቤት አድርሻለሁ። ለመኖር ተቀጥሬ ግን አላውቅም ነበር። ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ገና ካርቱም በነበረችበት በጋ፣ ይኸውና እሱም ደረሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃምዓው፣ ዩኒቨርሲቲው ማለቴ ነው፣ ጀሪፍ ከወንዙ ዳር ባለው መሬቱ ላይ አንድ ቤት አሠራ። ሲሚንቶ የለው፣ ቆርቆሮ የለው። ከዚያው ከጀሪፍ አፈር ተጨምቆ በወጣ ጡብ የቆመ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣራው ላይ እንደ ግመል አንገት ቀጥ ያለ ማማ ያለው ቤት ነው። ማማው ንፋስ ከላይ ይይዝና ቁልቁል ወደ መኝታ ክፍሉ ያወርዳል። መብራት ቢጠፋ፣ ማቀዝቀዣ ባይኖር፣ ድሃ ሰው ሳይቃጠልና ሳይታመም የሚኖርበት ቤት ይሆናል ብለው ነው የሠሩት። ይሁን አይሁን ለማወቅ ግን ሰው ሊኖርበት ይገባል። አንድ ሰው፣ ብቻውን፣ በጋውን ሙሉ። ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው። በየክፍሉ ትንንሽ ነጭ ሳጥኖች ሰቅለዋል፤ አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ አቧራ፣ አንዱ ደግሞ የሰው ትንፋሽ።

ጓደኛዬ ስንቅነሽ ከመንገዱ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ስነግራት ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ! ትንፋሽሽን ሸጠሽ ልትበዪ ነው? የቀረን እሱ ብቻ ነበር እኮ!»

«እኔ ተኝቼ እተነፍሳለሁ፣ ይከፍሉኛል። አንቺ ከሰል ስታራግቢ ኑሪ።»

«ተይ ሙኒያ፣ ነጭ ሳጥን ያየውን ሁሉ ይናገራል። ወንድ እንዳታስገቢበት።»

«ወንድ ቢኖረኝ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

ሳቅን። ስንቅነሽ ስትስቅ ማተቧ አንገቷ ላይ ይዘላል። ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም ነኝ፤ በዚህ አገር ግን ከእሷ የቀረበ ዘመድ የለኝም። ቤቱ ስገባ የወንድ ጫማ ከኦምዱርማን ገበያ ገዝታ ያመጣችልኝም እሷ ናት። ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህን ታውቀዋለች፤ በር ላይ የወንድ ጫማ ያየ ዱርዬ «ባል አለ» ብሎ ያልፋል።

«ሁለቱም የቀኝ ነው» አልኳት አገላብጬ ሳየው።

«ለዚህ ነው በርካሽ የሰጠኝ። ለሌባ የቀኝ ሆነ የግራ ምን ይለውጥለታል?»

እውነቷን ነው። ሲመሽ በሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲነጋ አስገባዋለሁ።

ሌላም ያደረግኩት ነገር አለ። ከማማው የሚወርደው ንፋስ ቀጥ ብሎ አልጋዬ ራስጌ ላይ ነው የሚያርፈው። በላብ ላይ ንፋስ! አንገት ይቆልፋል፣ ጎን ይወጋል፣ ደረት ይይዛል። ሐቡብ የመጣ ቀን፣ የአቧራው ማዕበል ሰማዩን እንደ በርበሬ ያቀላው ቀን፣ አልጋው ላይ ቆሜ ንፋሱ ከሚገባበት የእንጨት ወንፊት ጀርባ የምከናነበውን አሮጌ ቶቤን ጠቀጠቅኩና ደፈንኩት። ሐቡቡ አለፈ። ቶቡ እዚያው ቀረ። ይነገራል ብዬም አላሰብኩም፤ ቤት የገባች ሴት ቀዳዳ ብትደፍን ወሬ ነው?

* * *

ቤቱን የሠራው ኡስታዝ ሙስዐብ ነው። ጃምዓው ውስጥ ያስተምራል፤ የዶክተርነት ማዕረጉን የሚያገኘው ግን በዚህ ቤት ነው። ቤቱ ካለፈ ያልፋል፣ ቤቱ ከወደቀ የስንት ዓመት ልፋቱ አብሮ ይወድቃል። አባቱ ሱዳናዊ ነጋዴ ነበር፣ ሞቷል። እናቱ እትዬ ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት፤ አርካዊት የራሷ ግቢ አላት፣ ጎረቤቱ ሐጃ እያለ ይጠራታል። እሱ አማርኛን ከእሷ ነው የለቀመው፤ ሲናገር ዓረብኛው መሃል መሃል እየገባ ይቆርጠዋል።

በየቀኑ ከዐሥር ሰላት በኋላ ይመጣል። ወደ ውስጥ አይገባም፤ የሴት መኝታ ነው፣ ነውር ነው። ከደጁ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደፉ ላይ ሆኜ እመልሳለሁ።

«ዛሬ ቤቱ እንዴት ነው? ሞቀሽ? ቀዘቀዘሽ? ተመቸሽ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቶኛል» ይለው ነበር። እኔ ለሰው ደስታ ብዬ የምለው ነገር የለኝም።

«ግድግዳህ ጎበዝ ነው፤ ቀትር ላይ እንኳ እጄን ሳስደግፈው ይቀዘቅዘኛል። ኩሽናህን ግን ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው የሠራው። ጭሱ ዓይኔን አጠፋው።»

«ኩሽናውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አልኩህ እኮ።»

ይስቃል፣ ይጽፋል። ስቆ ሲያበቃ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም ቶሎ ብዬ ወደ ኒሙ አያለሁ። በሌላ ቀን «ጠዋት ጠዋት ራሴን ይከብደኛል፤ ቤትህ ሌሊት ላይ ያፍናል» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ስለ ቤቱ መጥፎ ሲሰማ ስለ ልጁ እንደሰማ አባት ነው። እንዲያም ሆኖ ጻፈው። ይህን ነው የወደድኩለት። የማይወደውንም ይጽፋል።

እየቆየ ጥያቄው ሲያልቅም መሄድ ተወ። ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ውሃ እቀዳለታለሁ፤ ጣሳውን ሲቀበለኝ ጣቶቹ ጣቶቼን እንዳይነኩ ይጠነቀቃል፤ ጥንቃቄው ከመንካት ይብሳል። አግብቼ የፈታሁ ሴት ነኝ። ወንድ አላውቅም አልልም። ውሃ በመቀበል ብቻ ልቤን የሚያስደነግጥ ወንድ ግን አላየሁም ነበር።

አንድ ቀን ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል» አለ። «ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ጠይቃ።»

«እናቴ አማርኛ የምትናገረው በር ዘግታ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ። አንቺ በር ከፍተሽ፣ ጮክ ብለሽ ነው የምትናገሪው። ስሰማሽ...» ቃል ጠፋውና በዓረብኛ ጨረሰው፤ ልቤ ቤቱ የገባ ይመስለዋል አለ። «ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«ኡስታዝ፣ ሦስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የቀጠርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እናትህስ?»

«መጥታ ታይሻለች። ስታይሽ ትወድሻለች፣ ኢንሻላህ።»

ኢንሻላህ ሲል ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሳ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ደስታዬ ግን ከፍርሃቴ ቀድሞ ፊቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ልመልሰው ብልም አልመለስ አለኝ።

* * *

እናቱ የመጣችው ሳትናገር ነው። ገና ማለዳ፣ ፀሐይ ጥርሷን ሳታወጣ፣ የረክሻ፣ ያው የባጃጅ፣ ድምፅ በሬ ላይ ሲቆም ሰማሁ። ሰላቴን ጨርሼ ወጣሁ። ያማረ ነጭ ቶብ የለበሰች ትልቅ ሴት በሬ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች። የምታየው ጫማውን ነው።

«እትዬ፣ ይግቡ እንጂ!» አልኳት። ማን እንደሆነች ልቤ ነግሮኛል፤ መልኩን የወሰደው ከእሷ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ንዴት ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ያገኘሁት የማላውቀው ነገር ነው፤ ድሮ የሚያውቁትን ሰው ገበያ መሃል አይተው እንዳላዩ ሲያልፉት ያለ ዓይነት። ቶቧን ሰብስባ ረክሻው ላይ ወጣች። ባለረክሻውን «ያላ፣ እንሂድ» ስትለው ብቻ ድምፅዋን ሰማሁ።

በዚያ ቀን ሙስዐብ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። መልእክት ግን ይልካል፤ ሞቀሽ? ቀዘቀዘሽ? ተመቸሽ? ያው ጥያቄ ነው፣ ድሮ ዓይን ነበረው፣ አሁን ዓይኑን አውጥተውታል።

ስንቅነሽ ነገሩ ገብቷት ነበር። «ዕቃሽን ሰብስቢና ነይ፤ ከእኔ ጋር እደሪ። የጃምዓ ሰው ከሠራተኛ ጋር ምን አለው? ሳያስወጡሽ ውጪ።»

«አልወጣም።»

«ለምን? ለማን ብለሽ?»

«ለራሴ። የወጣሁ እንደሆነ ያሉት ሁሉ እውነት ይሆናል።»

«ምን እንዳሉሽ እንኳ አላወቅሽም እኮ!»

«ለዚህ ነው የማልወጣው» አልኳት። «ሰምቼ ነው የምሄደው።»

መጻፍ ላይ ደካማ ነኝ። ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ ድምፄን ላክሁለት። «ሙስዐብ፣ ና። ፊቴ ቆመህ ተናገር። በስልክ የሚጠይቀኝ ሰው ፊት የለውም፤ ፊት ለሌለው አልመልስም።»

መጣ። ጥላው ሥር አልቆመም፤ ፀሐዩ ላይ ቆመ፣ ቅጣት የተቀበለ ይመስል። ከስቷል። ውሃ ቀዳሁለት፣ አልተቀበለኝም።

«እናቴ ጠዋት የወንድ ጫማ በርሽ ላይ አየች» አለ።

«እሺ።»

«አላመንኳትም። ወላሂ አላመንኳትም። ከዚያ ሄጄ የትንፋሹን ሳጥን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ አየሁ። ሙቀቱን ነበር የምከታተለው፣ ትንፋሹን አላየሁትም ነበር። ከማታ እስከ ጠዋት በመኝታ ቤቱ ውስጥ የሁለት ሰው ትንፋሽ አለ። በየቀኑ። ማሽን አይዋሽም፣ ሙኒያ።»

ሁለት ሰው? ከየት መጣ? እኔም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው።

«ማሽንህ ሁለት ሰው አለ ይላል» አልኩት። «እኔ ብቻዬን ነኝ እላለሁ። ከሁለታችን አንዱን እመን።»

«ጫማውስ?»

የጫማው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። ግን ጫማውን አስረድቼው ቢያምን፣ ያመነው ጫማውን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ነገ ሌላ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ላስረዳ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ባሌ ፊት ችሎት ልቆም ነው። ዋጥኩት።

«አንድ ጊዜ ነግሬሃለሁ» አልኩት። «ብቻዬን ነኝ። ደግሜ አልልም።»

«ሙኒያ፣ እባክሽ...»

«አትለምነኝ። እመን ወይ ሂድ።»

ቆመ። አቧራው ጫማው ላይ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ሄደ። እኔም ጣሳውን ይዤ ቀረሁ፤ ውሃውን ደፉ ላይ ደፋሁት፣ ምድሩ ጠጣው፣ ወዲያው ደረቀ። አላለቀስኩም። ልቅሶ ቢመጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

* * *

ጃምዓው ቤቱን ሊመረምር የመጣው በሳምንቱ ነው። ጸጉሩ የነጣ ፕሮፌሰር፣ ከእሱ ጋር ሁለት አስተማሪዎች፣ ሙስዐብ፣ በስተመጨረሻም ከታክሲ የወረደችው እትዬ ሉጥፊያ መጡ። የልጇ ቀን ነው፤ አትቀርም። እኔን ሳታይ አልፋ ሳሎኑ ጥግ ተቀመጠች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ቤቱን በደንብ ወልውዬዋለሁ። የሚያባርሩኝ ከሆነም ከንጹሕ ቤት ያባርሩኝ ብዬ ነው።

ፕሮፌሰሩ ከኮምፒውተሩ እያነበበ ራሱን ይነቀንቃል። ሙቀቱ ግሩም ነው አለ። አቧራው ከሲሚንቶው ቤት ያንሳል አለ። ሙስዐብ ግን ፈገግ አላለም። ገና ያልተነበበ ነገር እንዳለ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

«ይህ ምንድነው?» አለ ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ከፍ አድርጎ። «የመኝታ ክፍሉ ትንፋሽ እጥፍ ነው።»

ኮምፒውተሩን ወደ ሙስዐብ አዞረው።

«ሁለት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው» አለ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም፣ ሒሳብ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው። «ወይ ነዋሪዋ ውሉን አፍርሳ ሌላ ሰው አሳድራለች። እንዲያ ከሆነ ይህን ቁጥር እንጥለዋለን፤ እሷ ትወጣለች፣ ቤቱ አልፏል፣ አንተም አልፈሃል። ወይ ደግሞ ብቻዋን ነበረች። እንዲያ ከሆነ ቤትህ አየር አያስገባም። ሰው እያፈነ ጤና ይሰጣል የሚባል ቤት የለም፤ ወድቋል። የትኛው ነው?»

ሁሉም እኔን አዩ፤ ሙስዐብ ብቻ አላየኝም። እትዬ ሉጥፊያ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች። እኔ በልቤ «አለቀልሽ ሙኒያ» አልኩ። ማን ነው በዚህ ምድር ላይ የስንት ዓመት ልፋቱን ለአንዲት ሠራተኛ ቃል የሚጥል? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር ወይ? እንጃ።

«ብቻዋን ነበረች» አለ ሙስዐብ።

«በምን አወቅህ?»

«ነገረችኝ።»

አንዱ አስተማሪ ሳቁን በሳል አስመሰለው። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቀም። «ኡስታዝ፣ ‹ነገረችኝ› ማስረጃ ነው?»

ሙስዐብ ተነሳ። ወረቀቶቹን፣ እነዚያን በየቀኑ ከኒሙ ሥር የጻፋቸውን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህች ሴት በጋውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላቆላመጠችኝም» አለ። «ኩሽናህ ጭስ ነው ብላኛለች። ቤትህ ያፍናል፣ ራሴን ያመኛል ብላኛለች። ሰምቼ፣ ጽፌ፣ ከቤቴ ይልቅ እሷን ጠረጠርኩ። እኔን ለማስደሰት ያልዋሸች ሴት ራሷን ለማዳን አትዋሽም። ማሽኑም አልዋሸም። ጥፋቱ ቤቴ ላይ ነው። ወድቋል ብላችሁ ጻፉ።»

እዚህ ላይ ምን እንደተሰማኝ መናገር አልችልበትም። የበሩን መቃን ያዝኩ። ማዳም «ወርቄ ጠፋ» ስትል ሻንጣዬን የበረበሩብኝን፣ ፖሊስ ወረቀትሽ ሐሰት ነው ሲለኝ አሠሪዎቼ ዝም ያሉትን፣ ያን ሁሉ ቀን አስታወስኩ። አንድ ሰው ተነስቶ «እሷ ያለችው ነው» ብሎ አያውቅም። አሁን ብሎ ሲጨርስ ግን ደስታው ሳይሆን እልሁ ቀደመኝ። ለምን ይወድቃል? እኔ የኖርኩበት ቤት ነው!

«አይጻፍም!» አልኩ በዓረብኛ፤ ድምፄ ማማው ድረስ ወጣ። «ቤቱ አይወድቅም! እኔ በቆርቆሮ ቤት ተቀቅያለሁ፣ በሲሚንቶ ቤት ተጠብሻለሁ፣ ይህን ቤት አውቀዋለሁ! ደህና ቤት ነው። ጥፋት ካለው ፈልጉት እንጂ እንዴት ሳትፈልጉ ትጽፋላችሁ?»

«እመቤቴ...» አለ ፕሮፌሰሩ።

«አልወጣም፣ አልተውም፣ አትጽፉም።»

ያኔ ነው እትዬ ሉጥፊያ ከጥግ የተነሳችው። ለማንም ምንም ሳትል መኝታ ክፍሌ ገባች። ተከተልኳት። አልጋውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ቀና ብላ የእንጨቱን ወንፊት አየች፤ እዚያ ላይ ዓይኗ ቀረ። ከዚያ፣ በር ሳትዘጋ፣ ጮክ ብላ፣ በወሎ አማርኛ ተናገረች።

«አንቺ ልጅ፣ ምንሽን ነው የጠቀጠቅሽበት?»

«ቶቤን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሐቡቡ የመጣ ቀን ነው። ንፋሱ ራስጌዬ ላይ ነዋ እትዬ!»

«ራስጌሽ ላይ? በላብሽ?»

«በላቤ!»

«ወይ አላህ!» ብላ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች፣ መለየት አልቻልኩም። «እኔ መኝታ ቤቴ ያለውን ማቀዝቀዣ አፉን በካርቶን ደፍኜ ነው የምተኛው። ልጄ ስለ ንፋስ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ መጣ፤ የእናቱን ቤት አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየም!»

ሙስዐብ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ወንፊቱን ሲያወልቀው ቶቤ ከእነ አቧራው ራሱ ላይ ወረደ። ንፋሱ ሽው ብሎ ገባ፤ መጋረጃው ተነሳ። ለካ ሁለተኛው ሰው መውጫ አጥቶ የተጠራቀመው የራሴ ትንፋሽ ነበር። ፕሮፌሰሩ በዓረብኛ ሲነገረው መነጽሩን አወለቀ።

«ንፋስ? በካርቱም በጋ? ዘጋሽው?»

«ይመታል!» አልን እኔና እትዬ ሉጥፊያ እኩል። አሁንም እላለሁ፣ ይመታል።

ፕሮፌሰሩ ተሸንፎ ሳቀ። ቶቡ ወጥቶ እንደገና ይለካ አለ፤ ለሙስዐብም «የንፋሱን አፍ ከራስጌው ወደ ጎን አዙረው፤ ሰው የሚደፍነውን ነገር መሥራት ምን ይረባል?» አለው። የወደቀም ያለፈም ሳይጽፍ መኪናው ውስጥ ገባ።

* * *

ሦስታችን ቀረን። እትዬ ሉጥፊያ ከአልጋው አልተነሳችም። ሙስዐብ ጸጉሩ ላይ አቧራ እንዳለ ቆሟል።

«ስለ ጫማው አልጠይቅሽም» አለኝ። «መቼም አልጠይቅሽም።»

«እሷን አትጠይቅ፤ እኔን ጠይቀኝ» አለች እናቱ። «ጫማው ሁለቱም የቀኝ ነው። የማንም ወንድ እግር አይገባበትም። ገና ከረክሻው ሳልወርድ አውቄዋለሁ። እኔ ራሴ ኦምዱርማን ሰው ቤት ስሠራ የወንድ ጫማ በሬ ላይ አስቀምጬ ነው ያደርኩት። አውቄ ነው ግማሹን የነገርኩህ።»

«ለምን፣ ኡሚ?»

መልሱን ለእሱ አልሰጠችም፤ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺን ያየ ጎረቤት እኔን እንዳያስታውስ ብዬ ነው። ሐጃ ለመባል ስንት ዘመን ፈጀብኝ! ደግሞ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው አልኩ።» ቶቧን ዓይኗ ላይ አደረገች። «አውፍ በይኝ። ደፍረሽ የቆምሽበትን እኔ ሸሽቼዋለሁ።»

ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። ልሄድላት ፈለግኩ። ግን መጀመሪያ የሚባል ነገር ነበረኝ።

«እትዬ፣ አውፍ ብያለሁ። ግን ይወቁት። ሠራተኛ ነበረች ብለው እንዲነግሩልኝ አልፈልግም። ሠራተኛ ነኝ። ነገም እሠራለሁ። አርካዊት ስገባ አማርኛዬን በር ዘግቼ አልናገርም። ይህን ከቻሉ ነው።»

ከቶቧ እጥፋት ስልኳን አወጣች።

«አገር ቤት ማን አለሽ?»

«ወንድሜ ሙሄዲን። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው ያለው።»

«ቁጥሩን ንገሪኝ። ልጄ ቤቱን በጃምዓ ወረቀት ይሥራ፤ ሴት የምትጠየቀው ግን በወግ ነው።»

ደወለች። ድምፁን ከፍ አደረገችው። የወንድሜ ድምፅ ቤቱ ውስጥ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም። ማን ልበል?»

«ወአለይኩሙ ሰላም ልጄ። ሉጥፊያ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ከካርቱም። እህትህን ለልጄ ልጠይቅ ነው። ሽማግሌ ሰብስቦ ደጅህ ለመድረስ አገሩ ሩቅ ሆነብኝና ነው፤ አትቀየመኝ።»

«አህለን፣ አህለን እናቴ! ልጅዎ ምን ይሠራል?»

«ቤት ይሠራል።»

«ግንበኛ ነው?»

ሙስዐብ አፉን ከፈተ። እናቱ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። «ግንበኛ ነው» አለች። «ገና እየተማረ ነው።»

«ግንበኛ ጥሩ ነው» አለ ወንድሜ። «በእኔ በኩል እሺ ነው እናቴ፣ አላህ ያሳምረው። ግን እሷን ጠይቃችኋል? ሙኒያን አውቃታለሁ። እኔ ብሰጥ፣ አገር ቢሰጥ፣ እሷ እሺ ካላለች አይሆንም። እስቲ ስጡኝ፣ ከአፏ ልስማው።»

እትዬ ሉጥፊያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ሙስዐብም አየኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ መልሱን አስቀድሞ ለመገመት ሳይሞክር። ወንድሜ ከሐይቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ትልቋ ሴት አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የተማረው ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

ነይ ስባል መጥቼ፣ ሂጂ ስባል ሄጄ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ የምለውን ለመስማት ሰው እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። የምለውን አውቀው ነበር፤ ከንፈሬ ላይ ሞቆ ተቀምጧል።

ግን አልቸኮልኩም። ዝምታው ደስ ይል ነበር። ትንሽ አቆየሁት።